ስምንት ጊዜ የተኮሰው ምንሽር

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም በቴሌቪዥን የጦርነት ፊልም ሲጀምር ልጆቼ «አባዬ፣ እንዳትቆጥር» ብለው ይስቁብኛል። ታሪኩን ስለሚያውቁ ነው።

አባቴ ቀጨኔ ውስጥ ሸማኔ ነበር። እኔ ደግሞ የፊልም ሱሰኛ። ፒያሳ ወርጄ ያላየሁት የጦርነት ፊልም የለም ማለት ይቻላል። የትኛው ጠመንጃ ስንት ጥይት እንደሚጎርስ በቃሌ እወጣው ነበር። ጠመንጃ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቀበሌያችን የሶቪየት የጦርነት ፊልም አሳየ። ስም ስለሚጠራ መቅረት አይቻልም፤ አባቴ ብቻ ለቀበሌው ሊቀመንበር ጋቢ ስለሚሠራ ተፈቅዶለት ቀረ። የፊልሙ ቋንቋ አይገባንም፤ እኔም ሥራ ስላጣሁ ተኩስ መቁጠር ያዝኩ። ጀግናው በአንድ ምንሽር፣ አንዴም ሳያጎርስ፣ ስምንት ጊዜ ተኮሰ። አላስችል አለኝና ለጓደኛዬ «ውሸት ነው፣ ምንሽር አምስት ጎራሽ ነው» አልኩት። በሹክሹክታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ከኋላችን ተቀምጦ የነበረው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ ጓድ በላቸው፣ ክንዴን ያዘኝ። ያን ሰሞን የተደበቀ መሣሪያ ቤቱ የተገኘበት ሰው ተወስዶ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

«አምስት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ከፊልም።»

«ፊልሙ ላይ ስምንት ነው የተኮሰው። ከፊልም ብታውቅ ስምንት ትል ነበር።»

ሰውዬው ፊልሙን አምኗል፣ እኔን ግን አላመነም።

አራት ሆነው ቤታችንን ሊፈትሹ ይዘውኝ ሄዱ። አባቴ እንደ ልማዱ እግሮቹን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ እየሠራ ነበር።

«አባቴ ይሙት፣ ቤታችን ጠመንጃ የለም» አልኩ፣ ደጋግሜ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ፍራሹን ገለበጡ፣ ጣራውን በዱላ ወጉ፣ የዱቄቱን በርሜል ሳይቀር በረበሩ። በመጨረሻ ጓድ በላቸው «አባባ፣ እስቲ ከዚያ ይነሱ» አለው።

«እነሳለሁ» አለ አባቴ፣ እጁን ሳያቆም። «ግን ድሩ ከተወሳሰበ የሊቀመንበሩ ጋቢ ለሰኞ አይደርስም። ያስነሳኸኝ አንተ መሆንህን ራስህ ትነግርልኛለህ።»

ጓድ በላቸው ድሩን አየና «በቃ ይቀመጡ» አለ። ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለ ጥፋቴ እንዴት እንደተጠረጠርኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ኖርኩ። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አይተነፍስም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን ጠራኝና ጉድጓዱ ውስጥ እንድገባ አዘዘኝ። እግሩን የሚያሳርፍበትን ሳንቃ አስነሳኝ። ከሥሩ በዘይት የራሰ ጨርቅ ወጣ፤ በጨርቁ ውስጥ የአያቴ ምንሽር ነበር። አንስቼ ያዝኩት፤ ጠመንጃ በእጄ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አምስት ጎራሽ ነው። ልክ ነበርክ» አለኝ። ቀጥሎም «ያን ቀን ከፈታሾቹ ይበልጥ ያስፈራኝ ያንተ መሐላ ነበር» አለ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እኔ ግን በእሱ ስም መማል ያኔውኑ ተውኩ። ከቤታችን ንጹሕ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ በሐሰት የማልኩትም እኔው።