የወይዘሮ ብርቅነሽ ውጅግራ

ስብሐት ጉለሌ ውስጥ ጠመንጃ በመጠገን የታወቀ ሰው ነበር። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን የጠመንጃ ስም ማንሳቱም ስላስፈራው፣ የቡታጋዝ ምድጃና ቁልፍ እየጠገነ አንገቱን ደፍቶ ይኖር ጀመር። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሰሞን አብዮት ጠባቂዎች መጥተው "ቀበሌ ትፈለጋለህ" ሲሉት የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ ተከተላቸው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጌቱ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጠበቀው። የስብሐት ጎረቤት ወይዘሮ ብርቅነሽ ጥግ ይዘው መሬት ተቀምጠዋል። ጠመንጃው የአባታቸው ነው፤ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ራሳቸው ተሸክመው ያመጡት።

"መዝጊያው ተቀይሯል" አለ ጌቱ። "ዋናውን ለፀረ አብዮተኞች ሰጥታ፣ ሰሞኑን ያሠራችውን ገጥማ አመጣችልን። እስቲ እየው። ብትዋሽ ግን ከእሷ ጋር ነህ።"

ስብሐት መዝጊያውን፣ የጥይት ቤቱን የሚዘጋውን ብረት፣ ስቦ አወጣና መስኮቱ ሥር በላምባ ጨርቅ ጠረገው። የፋብሪካ ቁጥር በማኅተም ስለሚመታ ጥልቀቱ እኩል ነው፤ ይኼ ግን በመሮ የተጫረ ነው፣ አንዱ አኃዝ ተንጋድዷል። ጎኑ ላይም የእጅ ሞረድ ፈለግ ይታያል።

"ምን ያንቀረፍፍሃል?" አለ ጌቱ።

ስብሐት መዝጊያውን ቦታው መልሶ ደጋግሞ ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ እንደገና አውጥቶ አገላበጠው።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዋናው አይደለም።"

"ኧረ በመድኃኔ ዓለም! አንተ ስብሐት!" ብርቅነሽ ጮኹ። አንዱ ጠባቂ ክንዳቸውን ያዘ።

"ሰሞኑን የተሠራም አይደለም" አለ ስብሐት። "ቀጥቃጭ የሠራው ነው፣ ምናልባት እኔ ሳልወለድ። መዝጊያውና የሚገባበት ቤት ሲፋተጉ ኖረው እኩል ተበልተዋል፤ ቁጥሩም ውስጥ አሮጌ ዝገት አለ፤ ይዩት።"

"ዝገቱስ? ውሃ ውስጥ ነክራው ቢሆንስ?"

"አዲስ ዝገት ቀይ ነው፣ በጣት ይለቃል። ይኼ ጠቁሯል።"

ጌቱ ቁጥሩን በጥፍሩ ፋቀ፤ ጣቱን አየ። እንደገና ፋቀ። ጣቱ ላይ ቀይ ነገር አልወጣም።

"ትሂድ" አለ በመጨረሻ። ወዲያው ወደ ስብሐት ዞረ፦ "አንተ ግን ይህን ሁሉ የምታውቀው የማንን እየጠገንክ ነው?"

በዚያው ቀን የሥራ ዕቃውን ጠራርገው ወሰዱበት። እሱን ግን አላሰሩትም። ከዚያ በኋላ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ለሸማኔዎች መወርወሪያ እየጠረበ ኖረ። ወይዘሮ ብርቅነሽ በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ ይልኩለት ነበር፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን ያን ቀን የጮኹበትን እያሰቡ ዓይኑን ሳያዩ ነው ሰላም የሚሉት።