አባቴ ሽሮ የተማረበት ክረምት

ካንሰር እንዳለብኝ የሰማሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አንገቴ ላይ የወጣችውን እብጠት የጉንፋን ናት እያልኩ ለወራት ችላ ብያት ነበር። ሐኪሟ በጊዜ መምጣቴን፣ የመዳን ዕድሌም ሰፊ መሆኑን ረጋ ብላ አስረዳችኝ። እኔ የሰማሁት ግን የበሽታውን ስም ብቻ ነው። ስመለስ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ መያዝ ትቼ እስከ 18 ማዞሪያ በእግሬ ሄድኩ። ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ማሰቢያ ጊዜ ፈልጌ ነው።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ዕድሜ ልኩን መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ አልለቀቀውም። ስነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ኬሞው በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ጠየቀኝ። በየሁለት ሳምንቱ አልኩት።

"እንግዲህ ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ" አለ። እንቁላል እንኳ ጠብሶ የማያውቅ ሰው ነው።

ያስተማሩት ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት ናቸው። ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ፣ ውኃው ስንት ኩባያ እያለ ያደርቃቸዋል፤ በዓይን ነው የሚለካው ሲሉት ይበሳጫል። የቁሌት ሽታ እንደሚያስመልሰኝ ሲያይ ቡታጋዙን ግቢ አወጣው። ክረምት ስለነበር በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ማማሰያ ይዞ ይቆማል። አልጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮት እያየሁት ሆዴን እስኪያመኝ ስቄያለሁ።

መድኃኒቱ ምላሴን ስላደነዘዘው ሁሉም ነገር ካርቶን ካርቶን ይለኛል። እሱ ደክሞ የሠራው ስለሆነ ግን ጥሩ ነው እያልኩ እበላለሁ። ባለሙያ የሆነ መሰለው። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶች አንድ ጊዜ ጎርሰው በልተን ነው የመጣነው ሲሉ፣ ሰው ምን ነካው ይላል።

የመጨረሻውን ኬሞ በወሰድኩ በወሩ፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ጎርሼ ቀና አልኩ።

"አባዬ፣ ይሄ ሽሮ ጨው በዝቶበታል።"

እጁ መሶቡ ላይ ቀረ። "ጣዕሙ ይሰማሻል?"

"በደንብ ነው የሚሰማኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ?"

ተነሥቶ ወጣ። በአጥሩ በኩል ለአሮጊቷ፣ ልጄ ወጤን ጠላችው እያለ በደስታ ሲነግራቸው ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። የምርመራ ቀኔ ሲደርስ አሁንም እፈራለሁ፤ እስካሁን ግን ውጤቱ ደህና ነው። ምግብ በተራ እንሠራለን። የእሱም እየተሻሻለ ነው፤ ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደግማ በላች።