አድራሻዋ ጁምዓ ነው

ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ገበያ ሊጎበኝ የሄደ ሰው ምን ዓይቶ ነው የሚመለሰው? ይኸው እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁለትም።

የዞናችን የቅርስ ኃላፊ ፈረንሳይ ደርሶ ሲመለስ፣ ስለ አንዲት ጥንታዊ የገበያ ከተማ የሚያወራ መጽሔት ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ እኔ ወደምሠራበት ወደ ሸዋ ሮቢት ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብሎ፣ «እትዬ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለኝ። የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የተማሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት ገጽ መዝለል አልችልበትም። የድንጋይ ቅጥሩን፣ ጠባቡን መንገድ፣ በእንጨት ምሰሶ የቆመውን የገበያ አዳራሽ በተራ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። እሱ ሥዕል ባየ ቁጥር «ይቺን! ይቺን!» ይላል። ቅጥሩ ፈርሶ እንደተሠራ፣ አዳራሹም ተቃጥሎ እንደታደሰ፣ ሳይነካ የኖረው የገበያው ቀን ብቻ እንደሆነ የሚናገረው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አቋረጠኝ።

«እሱን ይለፉት እትዬ፣ ሥዕል የለውም።»

ብዙም ሳይቆይ በኃላፊው ሐሳብ አሊዩ አምባ እንደዚያች ከተማ ትሁን ተባለ። የሲራራ ነጋዴ ስታስተናግድ የኖረች ገበያ፣ ጥንታዊ ለመምሰል አዲስ አዳራሽ አስፈለጋት። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆመ፤ ያረጀ እንዲመስልም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀባ። ጎብኚ የሚመጣው በዕረፍት ቀን ነው ተብሎ ደግሞ ገበያው ከአዳራሹ ምረቃ ጀምሮ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ እንዲዞር ተወሰነ።

አክስቴ እዚያ ገበያ ከአፋር ሴቶች የሰሌን ምንጣፍ እየገዛች ትሸጣለች። ከልጃገረድነቷ ጀምሮ አንዲት አፋር ደንበኛ አለቻት፤ አብረው አርጅተዋል። ወሬውን ስትሰማ የደነገጠችው ለምንጣፉ አልነበረም።

«አሁን እሷን የት ላገኛት ነው?» አለችኝ።

«ሰፈሯ ሰው ቢልኩባትስ?»

«የቱ ሰፈሯ? ቤቷን ግመል ላይ ጭና ሣር ወዳለበት የምትዞር ሰው! አድራሻዋ ጁምዓ ነው፤ ዓርብ ከግመሎቹ ጋር ትመጣለች፣ ከግመሎቹ ጋር ትሄዳለች። አንቺ ደግሞ ያን ሁሉ መጽሐፍ የምትበዪው ለመቼ ነው? ንገሪያቸው እንጂ!»

እኔ ደግሞ ማንበብ እንጂ መናገር አይሆንልኝም።

አዳራሹ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ፣ ለምረቃው ታዝዤ ቀድሜ ስደርስ፣ አክስቴ እንደ ልማዷ ገበያው ዳር ግራሯ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። የአዳራሹ ዘበኛ «ገበያው ነገ ነው!» እያለ ቢጮህም የአፋሮቹ ግመሎች ጉዳዬም አላሉት። ወዳጇም ምንጣፏን ተሸክማ ከተፍ አለች። ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ሲሳሳሙ ዘበኛው መጥቶ በላያቸው ቆመ።

«ለዛሬ ምሬያችኋለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ግን በዓርብ የተገኘ ዕቃው ይወረሳል!»

አክስቴ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ከኃላፊው ጋር አዳራሹ ውስጥ ቆምን። ከድምፅ ማጉያው፣ ወንበር እንድንሞላ ከታዘዝነው ሠራተኞችና ጥላ ፍለጋ ከገባች አንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም። ፍየሏ ምሰሶውን ላሰችና አስነጠሳት።

«እትዬ፣ ሕዝቡ የት ሄደ?» አለ ኃላፊው።

«ትናንት መጥቶ ሄደ» አልኩት። እኔ ዘንድ ትቶት የሄደውን መጽሔት ከቦርሳዬ አወጣሁና «ይለፉት» ያለኝን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ቀጥዬም የአክስቴንና የወዳጇን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

ፍየሏን በእጁ ከምሰሶው አባረራት።

«በቃ፣ ዓርብ ይሁን» አለ፣ ዓርብን እሱ የፈጠረው ይመስል። «ግን እትዬ፣ ይኼን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሥዕል አልነበረውማ» አልኩት።