ጥርን ያስጨመርኩበት ድርድር

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የወጣሁ ዕለት እማዬ ሚኒባሱ መስኮት ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን በአፏ ይዛ፣ ልታለቅስ ነው ስል ምክር ጀመረች። «በመጀመሪያ በጠሩልሽ ዋጋ እሺ እንዳትይ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ባቄላ የሸጠች ሴት ናት፤ ስለ አየርላንድ ሌላ ምን ትበል?

እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመቴ። ዝናቡ የኛን ክረምት ያስንቃል፤ ብርዱንስ ተዉት፣ መንዝ አድጌ ልፈራው ነው? ድንቹ ደኅና ነው፣ ሽሮው ነው የጠፋው። ሆቴል ሳህን ሳጥብ ቆይቼ ዘንድሮ አንድ የሱፍ ፋብሪካ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ ጻፈልኝ። በግ በሞላበት አገር ያደገች ሴት ሱፍ መለየት አያቅታትም፤ በደስታ ዘለልኩ። ደብዳቤው ግን የዓመት ፈቃድ በነሐሴ ብቻ ነው ይላል። የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ደግሞ ጥር ላይ ነው። የእህቴ ሠርግ አምልጦኛል፤ ይሄም ካመለጠኝ በምን ዓይኔ እማዬን አያለሁ?

ሥራ አስኪያጁ ሾን የሚባሉ ሽበታም ሰውዬ ናቸው። ቢሯቸው ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ደሞዙን ነገሩኝ። እኛ ዘንድ በግ ሻጭ በጉን ይዞ መንገድ ሲጀምር፣ ገዢው አሥር እርምጃ ሳያስኬድ ዋጋ ጨምሮ ይጠራዋል። እኔም ዣንጥላዬን አንስቼ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። ደረጃውን ጨረስኩ፣ የሚጠራኝ የለም። የግቢው በር ደረስኩ፣ ጭጭ። ወይ ጉዴ! ተመለስኩና ዣንጥላ ረስቼ ነው አልኳቸው። ዣንጥላው እጄ ላይ ነው።

እሱን አዩና ወንበር ሳቡልኝ። አፍሬ የገበያውን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሳቁ፣ ሳቁና ደሞዙ ላይ ትንሽ ጨመሩ። ተስማማን። አፌ ግን መች ያርፋል፣ ምርቃቱስ አልኳቸው። ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ሻጭ ከልቡ የሚጨምረው ነው፣ እናቴ ባቄላውን ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ ጣል እንደምታደርገው፣ ብዬ አስረዳሁ።

«ታዲያ ጉልበትሽን የምትሸጪው አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ። «ጨማሪዋም አንቺ ነሽ።»

በገዛ አፌ ተያዝኩ። ምን ላድርግ፣ ፋብሪካውን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች ቅዳሜ ቅዳሜ በእንዝርት እየፈተልኩ አሳያለሁ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እሳቸውስ በተራቸው ምን ይጨምሩልኝ? ጥርን አልኩ። የወንድሜን ሠርግ፣ የእማዬን ነገር ነገርኳቸው። ደብዳቤው ላይ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ በእጃቸው ጻፉልኝ።

ከግቢው ሳልወጣ ለእማዬ ደወልኩ። ደሞዙን ስነግራት በመጀመሪያው ጥሪ እንዳልተስማማሁ አጣርታ ተደሰተች።

«ጥር ላይ እመጣለሁ» አልኳት።

አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል።

«ስንት ቀን?»

«አሥራ አምስት።»

«በመጀመሪያ የጠሩት ነው?»

«አዎ።»

«ወይ አንቺ ልጅ» አለች እማዬ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ምን ብዬ ነበር የላክሁሽ?»