ያልተቀባችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ለተዘጋጀ አንድ ትንሽ ሥነ ሥርዓት ተጠርቼ ነበር። ፖሊስ ያረጀች መኪናውን አረጋውያንን ለሚጦር ማኅበር በስጦታ ያስረክባል። በዚህ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ ጨብጬ ያረጀሁ ሾፌር ስለሆንኩ ነው መሰል ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ድንኳን ተጥሏል፣ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል፣ የቁልፉ ማንጠልጠያ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ዓይኔ ግን በመኪናዋ በር ላይ ካለው የፖሊስ ሰማያዊ መስመር አልነቀል አለኝ። ምሳ ቀርቦ ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ ሳልበላ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እንዲህ ያለች መኪና ተረክቤ አውቃለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ደሴ ውስጥ የታመሙ ድሆችን ከየገጠሩ እያመጣ የሚያሳክም አንድ ማኅበር ነበር። የምትመራው ሲስተር አስካለ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ በደሴ ብርድ ቡናማ ሹራቧን ከላይዋ የማትለይ ሴት። እኔን ሾፌር አድርጋ ስትቀጥረኝ ማኅበሩ የራሱ መኪና እንኳ አልነበረውም፤ እየለመንን በተዋስነው ነበር የምንሠራው። ስለዚህ ፖሊስ አሮጌ ላንድክሩዘሩን የሰጠን ቀን ሲስተር አለቀሰች። ቁልፉን ያስረከቡን መኮንን ፈገግ ብለው «እስከዛሬ ሰው ለማሰር ነበር የምትሄደው፤ ከእንግዲህ ለማሳከም ትሂድ» አሉን።

ሲስተር በዚያው ቀን ጠራችኝ።

«ሰይዴ፣ የፊታችን ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወስደህ ነጭ ታስቀባታለህ። ገጠሬው ይህን ቀለም ሲያይ ይደነግጣል።»

«እሺ ሲስተር» አልኩ።

ቅዳሜ ሄድኩ። የደሴን ጉም ከኋላዬ ትቼ ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ቁልቁለት ስወርድ አየሩ እየሞቀ መጣ፤ መስኮቱን አወረድኩ። ከፊቴ ያለው ሁሉ፣ የጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ አህያ የሚነዳው ገበሬ ሳይቀር ዳር ይይዝልኛል። ኬላ ላይ ገመዱን የያዘው ሰው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ለቀቀልኝና ሰላምታ ሰጠኝ። እኔ የሆጤ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ በሕይወቴ ማንም መንገድ ለቅቆልኝ አያውቅም። ኮምቦልቻ ስደርስ ጓደኞቼ ጭማቂ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። «ኮማንደር መጣ!» ብለው ተነሱልኝ። ፓፓያ ጭማቂዬን እየጠጣሁ መኪናዋን ሳያት አምራ ታየችኝ። ቀለም ቀቢው ዘንድ ሳልሄድ ተመለስኩ።

ለሲስተር ቀለም ቀቢው ታሟል አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ታሟል አልኳት። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ራሴም ውሸቴን ማመን ጀምሬ ነበር።

መስከረም መጨረሻ አካባቢ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከቢስቲማ ክሊኒክ ስልክ ተደወለ። አንዲት ወጣት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል፤ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ እያወረዷት ነው፤ ትልቁ ዋርካ ሥር ጠብቋቸው አሉን። ሲስተር ሆስፒታል ሄዳ ሐኪሞቹን ልታዘጋጅ፣ እኔ ላመጣት ተስማማን። ሞተሩን ሳስነሳ ሲስተር በሩ ላይ ያለውን መስመር አየችው።

«እስካሁን አልተቀባችም?»

«ሰውዬው አልተሻለውም ሲስተር።»

«በል ሂድ። ፍጠን ብቻ።»

ፈጠንኩ። ሐይቅ ከተማ ላይ ለአፍታ ቆሜ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ፤ ሻጯ ሂሳብ አልቀበልም ብላኝ በግድ ነው የሰጠኋት። ዝናቡ ገና መቆሙ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ። መኪኖች ዳር እየያዙ ያሳልፉኛል። እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ምጥ ላይ ያለች ሴት ልወስድ እየሄድኩ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዋርካው ሥር ስደርስ ማንም የለም። ክላክስ ነፋሁ። ከፊቴ ባለው ዳገት አጋማሽ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች አየሁ፤ አንድ ነገር ተሸክመው ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ቆሙ። ወዲያው ዞረው ሽቅብ ሄዱና ከቁልቋሉ ጀርባ ተሰወሩ። የኔዎቹ ከሆኑማ ለምን ይመለሳሉ ብዬ ሌሎች ናቸው አልኩ። ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጬ በቆሎዬን እየፈለፈልኩ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ አለፈችም።

ከቀትር በኋላ አንዲት አሮጊት ጀሪካን ይዘው በአጠገቤ ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ። ፈራ ተባ እያሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ማንን ልትወስድ መጣህ?»

«ምጥ የጠናባትን ሴት ነው እማማ። ሆስፒታል ላደርሳት።»

ጀሪካኑ ከእጃቸው ወደቀ። «ያ ረቢ! ፖሊስ መጣ ብለው መልሰው አወጧት እኮ!»

ያለፈው ክረምት በግጦሽ የተነሳ ጠብ እንደነበር፣ እንዲህ ያለ መስመር ያላት መኪና መጥታ ከመንደሩ ወንዶች የተወሰኑትን ይዛ እንደሄደች ነገሩኝ። የቀሩት ቃሬዛውን ተሸክመው ሲወርዱ መኪናዬን ከላይ አይተው ነው የተመለሱት።

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ከአንድ ቤት በራፍ ላይ ረጅም ከሲታ ሰው ቆሞ ነበር፤ ይማም ይባላል፣ የምጠኛዋ ባል።

«ፖሊስ ነህ?» አለኝ።

«ወላሂ አይደለሁም! የማኅበሩ ሾፌር ነኝ።»

«መኪናዋስ?»

«ለእኛ ተሰጥታ ነው።»

«ታዲያ ለምን...» ብሎ ሊጠይቀኝ ሲል ሚስቱ ከውስጥ አቃሰተች። ጥያቄው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ተሸክመን አወረድናት። ጦይባ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከሃያ አይዘልም፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይማም ከኋላ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አስደግፎ እስከ ደሴ ድረስ ዱዓ ሲያደርግ እሰማዋለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲስተር አስካለ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም።

ጦይባ ተረፈች። ሕፃኑ ግን ከመድረሳችን ከጥቂት ሰዓታት በፊት ሞቷል አሉን። ማኅፀኗንም ስላወጡት ከእንግዲህ አትወልድም።

ይማም ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ወደ እኔ ሳይዞር «እኔ ነኝ» አለ። «ሌሎቹ እንውረድ ብለው ነበር። መልሷት ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ይህች መኪና መቀባት የነበረባት ከሳምንታት በፊት ነው፣ ያላስቀባኋት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን እጄን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ «አብሽር፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አልኩት። እሱም እጄን ይዞ «አላህ ይስጥህ ወንድሜ፤ እሷንስ አተረፍክልኝ» አለኝ።

ሲስተር ወደ ቤት ስንመለስ ከጎኔ ተቀምጣ «ሰይዴ፣ ቀለም ቀቢው እውነት ታሞ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ ሲስተር» አልኩ።

ሌላ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰውዬው ጤነኛ ነበር። መኪናዋን ነጭ ቀብቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

ያችን መኪና ስምንት ዓመት ነዳኋት። ስንቱን ሕመምተኛ እንዳመላለስኩባት አላስታውስም። ሲስተር አስካለ እውነቱን ሳልነግራት አረፈች። ከእሷ በኋላ የሚጠረጥረኝ ሰው እንደሌለ ሳስብ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሥነ ሥርዓት ማግስት ግን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢስቲማ ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ ጦይባን አገኘኋት። በርበሬ የምትቸረችርባት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ፀጉሯ በሻሿ ሥር ሸብቷል። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ስነግራት ተነስታ እጄን ሳመችው። ይማም ከሞተ አራት ዓመቱ እንደሆነ ነገረችኝ። የመጣሁበትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የኮምቦልቻውን ጭማቂ ቤት፣ ሦስቱን ቅዳሜ፣ ኮሪደሩን።

በርበሬውን በጣሳ እየሰፈረች አንገቷን ደፍታ አዳመጠችኝ። ስጨርስ እጇን አራገፈች።

«ሌላ ሚስት አግባ፣ ልጅ ውለድ ብለው ዘመዶቹ ሲለምኑት ኖሩ» አለች። «እምቢ አለ። እኔ ነኝ ያመከንኳት፣ በላይዋ ላይ አላገባም ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ የመለስኩሽ እያለ ያለቅስ ነበር። እኔማ ከጥንትም አልወቀስኩትም።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ጦይባ» አልኳት።

«እኔ አውፍ ብያለሁ ወንድሜ፤ አላህም ይበልዎ። የእሱን ይቅርታ ግን ከማን ይጠይቃሉ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቴን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ የአንድ ወጣት ጉራ አድርጌ ነበር የምቆጥረው፤ ወጣትነት ደግሞ ይቅር ይባላል። ያን ቀን ኮሪደር ላይ የነበረው ዝምታ ግን የወጣትነት አልነበረም። ሠላሳ አምስትም፣ አርባም፣ ሃምሳም ዓመት ሲሆነኝ አብሮኝ የነበረ ነው። በእያንዳንዱ ዓመት ሐይቅን አልፌ ሁለት ቃል ተናግሬ መመለስ እችል ነበር፤ መንገዱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። አንድ ሰው የእኔን ሸክም የራሱ መስሎት ተሸክሞ አረጀ፣ በዚያው ሞተ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዘመን ጥሩ ሾፌር ነው እየተባልኩ ኖርኩ።