ከአባባ እጅ እስክሪብቶ የቀማሁ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ «ደቿ» ይለኛል፤ ሆላንዳዊቷ ማለቱ ነው። ለስድብ ብሎ ነው የጀመረው፤ እኔ ግን ስሜ አድርጌ ወስጄዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆላንድ ኖሬ፣ እዚያው ነርስነት ተምሬ፣ የሆላንድ ፓስፖርት ይዤ ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ወንድሜ አባታችንን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሼፈርድስ ቡሽ ባለው ፍላቱ ያኖራቸው ነበር። እኔ ኪልበርን ቤት ተከራየሁና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እየሄድኩ አያቸው ጀመር።

በእኛ ሰው ዘንድ ስለ ሆላንድ ሕክምና የሚወራው አንድ ቀልድ ብቻ ነው። እግርህ ተቆርጦ ብትሄድ ሐኪሙ ፓራሲታሞል ሰጥቶ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተሻለህ ተመለስ» ይልሃል ይላሉ። እውነትነት አለው፤ እኔም ስንት ጊዜ ተናድጄ ወጥቻለሁ። ግን ያው ሐኪም ራሱ መጠበቂያ ክፍል ድረስ ወጥቶ፣ እጄን ጨብጦ ያስገባኛል፤ ያገኘውንም ሳይሸፋፍን ይነግረኛል። ለባል አይደለም፣ ለወንድም አይደለም፣ ለእኔ ለራሴ። በዚህ ግን ሲቀልድ የሰማሁት ሰው የለም።

ነርስነት ስማር አንዲት ረጅም፣ ጸጉሯ የሸበተ አስተማሪ ነበረችን። አንድ ቀን የድሮ ሕክምና ሙዚየም ልታሳየን ሌይደን ከተማ ወሰደችን። በጥንት ዘመን እዚያ ከተማ ለትምህርት የተለየ አሥራ ሁለት አልጋ ነበር፤ ስድስቱ ለወንድ፣ ስድስቱ ለሴት። ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ አልጋውን ከብቦ ቆሞ፣ መምህሩ በሽተኛውን እየመረመረ ሲያስተምር ይከታተል ነበር። እኛም ይህን ሰምተን ተደነቅን። እሷ ግን «የሚያወሩት በላቲን ነበር» አለችን። «በሽተኛው ስለ ገዛ ሕመሙ በማያውቀው ቋንቋ ሲወራ እያዳመጠ ይተኛል። እናንተ ይህን እንዳትደግሙ። መጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ከዚያ የጠየቀውን ንገሩት።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አባባ እየከሱ መጡ። ከሁለት ጉርሻ በኋላ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ወንድሜ አፖይንትመንት አስያዘላቸው፤ ምርመራው ሁሉ ተደረገ። ውጤቱ የተነገረ ቀን እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አብሯቸው የገባው እሱ ነው፤ ያስተረጎመውም እሱ። ሐኪሟ የጨጓራ ካንሰር ነው ስትል እሱ ዘወር ብሎ «ጨጓራዎ ትንሽ ቆስሏል» አላቸው።

ማታ ወጥ ቤት ስቦ አስገባኝና ነገረኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል እንኳ አልጠራም፤ «ያ በሽታ» ነው ያለው።

«ኦፕሬሽን ያደርጉላቸዋል፣ በቃ። ከሰሙ ከበሽታው በፊት ድንጋጤው ይገድላቸዋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩት።

«የደበቅኩት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው መች ደበቁ?» አለኝ፣ የሚያስመሰግን ሥራ የሠራ ይመስል።

እናታችንም እንዲሁ ነው የሞተችው። ከእሷም ደበቁ፣ ሆላንድ ካለሁት ከእኔም ደበቁ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ በከተማው ያሉ የእኛ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። መታመሟንና መሞቷን በአንድ ደቂቃ ሰማሁ። ይህን ለወንድሜ አስታወስኩት። «እሷ በሰላም ነው ያረፈችው» አለኝ። ማን ጠይቋት እንደሆነ አላውቅም። ያም ሆኖ፣ እኔ ነርስ ተብዬዋ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አባባን «ጨጓራዎ እንዴት ዋለ?» እያልኩ አብሬ ዋሸሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሦስታችንም ሄድን። አባባ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ይመስል ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነበር። ሐኪሙ ጨጓራውን ሙሉ በሙሉ እንደሚያወጣው፣ የምግብ ቧንቧውን ከአንጀት ጋር እንደሚያገናኘው፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ጥቂት በጥቂት እየበሉ እንደሚኖሩ፣ ከኦፕሬሽኑ የማይነሳ ሰውም እንዳለ ረጋ ብሎ አስረዳ። ረጅም ንግግር ነበር። ወንድሜ «ቁስሉን ያጸዱልዎታል» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ» አሉ አባባ። ፎርሙን ወደ ራሳቸው ሳቡና እስክሪብቶ አነሱ።

ተነስቼ ከእጃቸው ቀማሁ። «አባባ፣ የሚያጸዱት ነገር የለም። ጨጓራዎን በሙሉ ሊያወጡት ነው። ካንሰር ነው ያለብዎት።»

«አብደሻል?» አለ ወንድሜ። ሐኪሙ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። «በሽተኛህ ገና አሁን መስማታቸው ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። ወንድሜን አየ፣ አባባን አየ፤ ፎርሙን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ መለሰው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንደሚያዘጋጅም ነገረን።

አባባ ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም። ዘመድ ግን እየደወለ አናገረኝ። ፈረንጅ ልብ አወጣች፣ የገዛ አባቷን ልትገድል ነው ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚነገረው» አሉኝ። «ሽማግሌው የሚመጣው መቼ ነው እማማ፣ ሆዳቸው ከተከፈተ በኋላ?» አልኳቸው። አክብሬ ነው የጠየቅኳቸው።

በአሥረኛው ቀን አባባ አስጠሩኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ማወቄ አይደለም ያስከፋኝ። ባዕድ ፊት፣ ከላዬ ቆመሽ፣ ሳትጠይቂኝ ነው የነገርሽኝ።»

ልክ ነበሩ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን በክፉ ቀን ረስቼዋለሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ሳልጠይቅ ለተናገርኩት ማለቴ ነው። ስለ መናገሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።

«እንግዲህ አሁን ልጠይቅዎ» አልኩ። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?»

«ሆዱ የእኔ አይደለም እንዴ? ሁሉንም።»

በአንድ የደብዳቤ ፖስታ ጀርባ ላይ ጨጓራ ሳልኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ የሚወጣውና የሚቀረው የቱ እንደሆነ በጣታቸው እየነኩ ጠየቁኝ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን በአስተርጓሚው በኩል ብዙ ነገር ጠየቁት፤ ጨጓራዬ ባይቆረጥስ ምን ያህል ጊዜ እኖራለሁ አሉት። ወረቀቱን ይዘው ቤት ሄዱ። ሳምንት ካሰቡበት በኋላ ፈረሙ።

«ያው ፈረሙ አይደል?» አለኝ ወንድሜ። «ያን ሁሉ አተራምሰሽ ምን አተረፍሽ?»

የኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋት አንዲት ነርስ ፎርም ይዛ ወደ አባባ አልጋ መጣች። ስማቸውን ጠየቀች፣ የልደት ቀናቸውን ጠየቀች፤ ከዚያ ዛሬ ምን ሊደረግላቸው እንደሆነ በራሳቸው አንደበት እንዲነግሯት ጠየቀች። ጥያቄዋን ተረጎምኩላቸው። ወንድሜ እንደ ልማዱ ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት አባባ በእጃቸው አስቆሙት። ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ጨጓራዬን ሊያወጡልኝ ነው። ነቀርሳ አለበት። ከዚህ ልነሳም ላልነሳም እችላለሁ፤ አውቄ ነው የገባሁበት።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «በል፣ ያልኩትን ሳትቀንስ ንገራት።»

ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየኝ። አልረዳሁትም። ከዚያ፣ አባባ ዓይን ዓይኑን እያዩት፣ ቃል በቃል ነገራት።