ለሕንፃው ሁሉ አንድ መቀመጫ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ነርሷ በሩ ላይ አስቆመችን። ሕፃኑ ተመዝኗል፣ ተከትቧል፣ እናቴ በገዛችለት ነጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ነርሷ ግን «ሳልካላችሁ የታል?» አለች። ሳልካል እዚህ አገር በዕብራይስጥ እጀታ ያለውን፣ ሕፃን ጋደም ብሎ በቀበቶ የሚታሰርበትን የመኪና መቀመጫ ነው የሚሉት። ያለ እሱ ልጅ በመኪና ይዞ መውጣት እንደማይቻል የእህቴ ባል የሰማው ያኔ ነው።

ነገሩን ስተረጉምላት እናቴ ተቆጣች። «ሁላችሁንም አዝዬ ነው ያሳደግሁ። ልጅ ከእናቱ እቅፍ የበለጠ ምን መቀመጫ ይፈልጋል? ንገሪያት» አለችኝ። ነገርኳት። ነርሷ እናቴን ትክ ብላ አየቻትና «መኪና በድንገት ሲቆም እቅፍ አይይዝም በያት» አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደክሟት ነበር።

የእህቴ ባል ወደ ከተማ ወርዶ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። የሚሠራው ዳቦ ፋብሪካ ነው። የቀጠረው ግን ፋብሪካው ሳይሆን ሠራተኛ የሚያቀርብ ኩባንያ ስለሆነ፣ ደሞዙ እንደ ሰዓቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አዲስ ሳልካል ከደሞዙ ግማሹን ይወስድበታል። በታሽሉሚም፣ በየወሩ እየቆረጥኩ ልክፈል ቢል ካርድ አምጣ አሉት፤ ባንኩ ደግሞ ካርድ ከልክሎታል። ባዶ እጁን ወደ ሰፈራችን ወደ ቤት ኤሊዔዘር ሲመለስ፣ ከሕንፃችን ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት የትግራይ ሴት ደረጃው ላይ አገኙት። ነገሩን ሲሰሙ ገብተው የልጃቸውን ሳልካል አወጡለት።

«ውሰድ ልጄ። የኔዋ እግሯ ተርፎ መሬት ሊነካ ነው፤ አይበቃትም። ብቻ ሌላ ሰው ሲጠይቅ ስጥ» አሉት።

እንዲህ ሆነና ያ ሳልካል የሕንፃው ሁሉ ሆነ። በዚያ ዓመት በእኛ መግቢያ ከሚኖሩት ብዙ ሴት ወልዳለች። አንዷ ለክትባት ትወስደዋለች፣ ሌላዋ ሠርግ ልትሄድ ትወስደዋለች፣ ጨርቁን አጥባ ትመልሰዋለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከደኅንነት ቀጥሎ የምንጠያየቀው «ሳልካሉ ዛሬ ማን ጋ ነው?» ነበር። እንስቅበትም ነበር።

ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ዝናቡ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት እህቴ ደውላ «ትንፋሹ ልክ አይደለም፣ ድረሽልኝ» አለችኝ። እኔ ከፎቃቸው በታች ስለምኖር በሸበጥ ወጣሁ። ልጁ እንደ እሳት ይፋጃል፤ በተነፈሰ ቁጥር የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ባሏ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ሳልካሉ በዚያ ሳምንት ከላይኛው ፎቅ ባልና ሚስት ጋ ስለነበር ላመጣው ሮጥኩ። በሩን ደበደብኩ፣ የሚከፍት የለም። ከጎን ያለችው ጎረቤት ብቅ ብላ፣ ባልና ሚስቱ ሕፃናቸውን በሳልካሉ ይዘው በማለዳ ወደ ነታንያ ከተማ መሄዳቸውን ነገረችኝ።

«አምቡላንስ እንጥራ» አልኩ።

«እስኪመጣ ልጁ ያልቃል። ሆስፒታሉ እኮ እዚሁ ነው፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አለ የእህቴ ባል።

እውነትም ቀስ ብሎ ነዳ። እህቴ ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ከጎኗ። መጥረጊያው መስተዋቱን ማጥራት አቅቶታል። ከዋናው መንገድ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና ከቀኝ በኩል ሳያይ ገባብን። የእህቴ ባል ፍሬን ያዘ፤ መኪናችን ተንሸራቶ በአፍንጫው ገጨው። ግጭቱ ከባድ አልነበረም፤ አንዱ መብራት ብቻ ነው የተሰበረው። እኔ ምንም አልሆንኩም። እህቴን ሳያት ሁለት እጇን እንደ ታቀፈች ናት።

«እጄ ላይ የለም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «እጄ ላይ የለምኮ።»

ከፊት ወንበር ጋር ተላትሞ እግራችን ሥር ወድቆ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። አላለቀሰም።

ሆስፒታል ጭንቅላቱን ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉለት ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ አንድ ፖሊስ መጣ። የእህቴን ባል «የልጁ መቀመጫ የት ነው?» አለው። እሱም በዚያ በሚያውቃት ዕብራይስጥ «ነታንያ ሄዷል» ብሎ መለሰ። ፖሊሱ የሚያላግጥበት መስሎት ፊቱ ተለወጠ። ነገሩን አስረዳሁት፤ አንድ መቀመጫ ለስንት ቤት እንደሚዞር ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ካዳመጠኝ በኋላም ክሱን ጻፈ።

ማታ እነዚያ ባልና ሚስት ከነታንያ ሲመለሱ ሰሙ። ሚስትየዋ ሳልካሉን አቅፋ ሆስፒታል ድረስ መጣች፤ ለምን እንዳመጣችው ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። እናቴ ብቻ ተነስታ ከእጇ ተቀበለቻትና እህቴ እንዳታየው ከወንበር ኋላ አስቀመጠችው።

ልጁ አልሞተም። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን ሰነፉ፣ አንገቱም ሳይጠና ቆየ። አባቱ መንጃ ፈቃዱን ለወራት ተቀማ። ፈረቃው በሚጀምርበት ሰዓት አውቶቡስ ስለሌለ ሥራውም ቀረ። ቤት ገባ፣ ከሰው ራቀ። በኋላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ከበጎ አድራጊዎች የተገኘ አዲስ መቀመጫ ከነላስቲኩ ይዛ መጣች። ልጁን አስቀምጣ ስትሞክረው አንገቱ ወደ ጎን ዘመም አለ። ለእሱ የሚሆነው ልዩ መቀመጫ ነው፤ ለእሱም ፈቃድ ይጠበቃል ተባለ። ፈቃዱ ሲመጣ ልጁ መቀመጫውን አልፎ አድጎ ነበር።

እህቴ ዳግም በትንሽ መኪና አልሄደችም። ለሕክምናው በሳምንት ሁለቴ በአውቶቡስ ትወስደዋለች። በአውቶቡስ የልጅ መቀመጫ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ። እንደ ተሳፈርን መስኮት ይዛ ትቀመጥና ልጁን ጭኗ ላይ ታደርገዋለች፤ በሁለት እጇ ወገቡን ትይዛለች፣ ሁለት እግሯን ከፊቷ ካለው ወንበር ሥር ታጠብቃለች። ሳወራት እንኳ ዓይኗ ከሾፌሩ ጀርባ አይነቀልም።